የታመመ ባልና የምታስታምም ሚስት በመዝገብ ላይ ስንት ጉልበት ናቸው?

ከደብረ ታቦር ተነስቶ የጉናን ተራራ ወደ ጎን እየተወ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ የላይ ጋይንትን ከተማ ነፋስ መውጫን አቋርጦ ያልፋል። ከዚያ በስተ ደቡብ ታች ጋይንትና ስማዳ፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ እስቴ ይገኛሉ። ደጋው ገብስና ድንች፣ ቆላው ጤፍና ማሽላ የሚበቅልበት፣ ማሳው ተዳፋት፣ አፈሩም በየክረምቱ ወደ ሸለቆ የሚወርድ አገር ነው። ቤተ ልሔምም የሚገኘው በዚሁ በጋይንት ምድር ነው። ከየአገሩ የሚመጡ ተማሪዎች ድጓ ተምረው የሚያስመሰክሩበት፣ ስሙም ለዜማው ስልት መጠሪያ የሆነ ቦታ በመሆኑ በቤተ ክህነት ዘንድ የማያውቀው የለም። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ሲለምን ገበሬው ካለችው እንጀራ ቆርሶ ማካፈሉ የቆየ ልማድ ነው።

ለእንግዳ ተማሪ እጁን የሚዘረጋ ሕዝብ በታመመ ጎረቤቱ ላይ ይጨክናል ማለት አይቻልም። ሆኖም የሰው ደግነትና የአሠራር መሟላት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ረዥም ሕመም አንድን ባለትዳር ቤት በሚያጠቃበት ጊዜ የሚፈጠረው ችግር ይህን በግልጽ ያሳያል።

ለምሳሌ ያህል አምስት ነፍስ ያለበት አንድ ጎጆ ይወሰድ። ባል በክረምት አራሽ፣ በበጋ ሸማኔ ነው። ሚስት ጥጥ ትፈትላለች፣ ጠላ ጠምቃ በገበያ ቀን ትሸጣለች። ሦስቱም ልጆች ለሥራ አልደረሱም። ጥማድ በሬ አላቸው። ከመንግሥት የሚቀበሉት እርዳታ የለም፣ ጠይቀውም አያውቁም። ከዕለታት አንድ ቀን ባልየው ውኃ ይጠማው፣ ይደክመው፣ ዐይኑም ይጋረድበት ይጀምራል። በመጀመሪያ ጠበል ይገባል። ከወራት በኋላ ጤና ጣቢያ ሲሄድ የስኳር በሽታ መሆኑ ይነገረዋል። ይህ ሁሉ ጊዜ ሲያልፍ እግሩ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሏል። አንደኛው በሬ ለሕክምናና ለመሳፈሪያ ይሸጣል። የቀረው በሬ ከሌላ ሰው በሬ ጋር በመቀናጆ አንድ ክረምት ይሠራል፤ በሁለተኛው ዓመት እሱም ገበያ ይወጣል። መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል። መወርወሪያው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

ይህ ቤት ስም የለውም። ነገር ግን በየጎጡ የሚዞር የገበሬ ማኅበር መሪ ይህን የመሰለ ጎጆ የት የት እንዳለ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። በሽታው የሳንባ ነቀርሳ፣ የልብ ድካም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የደም ግፊት ያመጣው ሽባነት ሊሆን ይችላል። ታማሚዋ ሚስት፣ አስታማሚው ባል የሚሆንበትም ቤት አለ። ያን ጊዜ ደግሞ ውኃ የሚቀዳ፣ የሚፈጭና የሚጋግር በመጥፋቱ ባል ሞፈሩን አስቀምጦ ምድጃ ሥር መዋሉ የማይቀር ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የማይስተዋለው ነገር በእንዲህ ያለ ቤት የሚጠፋው ጉልበት የአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው። ባል ሲተኛ የባል ሥራ ይቆማል፤ ይህ ለሁሉም ይታያል። ሚስት ግን ቁስል አጥባ፣ መድኃኒት አምጥታ፣ ሕሙሙን ደግፋ ስታወጣና ስታስገባ ቀኑ ያልቅባታል። ጌሾ የምትወቅጥበትና ገበያ የምትውልበት ጊዜ አይተርፋትም። በዚህም የተነሳ የእርሻው፣ የሽመናውና የጠላው ገቢ በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ይነጥፋሉ። በስብሰባ ላይ ግን ሴትዮዋ በእግሯ ቆማ ስለምትታይ «ጤነኛ» ተብላ ትቆጠራለች።

ባህላዊው መረዳጃ በዚህ ጊዜ ምን ያህል ያዘልቃል? ደቦ ለአንድ ቀን አጨዳ ወይም ለጎጆ ሥራ ይደርሳል፤ ይሁን እንጂ ጠሪው ጠላና ንፍሮ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ወንፈል ደግሞ ብድር ነው። ዛሬ ለአንተ የታረሰልህን ነገ ወጥተህ ልትመልስ ይገባል፤ ከአልጋ የማይነሳ ሰው በምን ይመልሳል? እድርም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የተቋቋመው ለቀብርና ለለቅሶ ነው። መዋጮውን ለዓመታት የከፈለ አባል ሲሞት ይደረስለታል እንጂ ታሞ ለሚኖርባቸው አሥር ዓመታት የተመደበለት ነገር የለም። በአንዳንድ ስፍራ እድሮች ለታመመ አባል ብድር ወይም መዋጮ መስጠት መጀመራቸው ግን ሊበረታታ የሚገባው ነው።

ደመወዝተኛው በዚህ ረገድ ከገበሬው የተሻለ መጠጊያ አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት የታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ለጡረታ ከደመወዙ 7 በመቶ ሲያዋጣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል። አሠሪ የሌለው አራሽ፣ ሸማኔ፣ አንጥረኛና ጠላ ሻጭ ግን ማን ይጨምርለታል? የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው አለቃም የለውም። በመሆኑም ለእርሱ የሚደርሰው መብት በቀበሌው የተጠቃሚዎች መዝገብ በኩል የሚመጣው ነው። መዝገቡን የሚሞላው ደግሞ የራሱ ጎረቤት የሆነው የኮሚቴ አባል ነው።

የታመመ ባለይዞታና የትዳር ጓደኛው ልዩ ግምት እንዲሰጣቸው ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ከልክሎ ነበር። ሆኖም ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት፣ እንዲሁም ባለይዞታው ሲታመም፣ ሲያረጅ ወይም ሲሞት የሚቀሩትን ከክልከላው ነፃ አድርጓል። ያ አዋጅ ዛሬ አይሠራበትም። ዳሩ ግን ቅጥርን አጥብቆ የከለከለ ሕግ እንኳ ሕመም ከቤት ጉልበት እንደሚነጥቅ አልዘነጋም ነበር።

አሁን ስላለው አሠራር ሲነሳ ቅድሚያ የሚሰጠው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። አብዛኛው ተጠቃሚ እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ፣ ምንጭ አጎልብቶ ክፍያ ያገኛል። ጉልበት የሌለው ቤት ግን ያለ ሥራ በቀጥታ ድጋፍ እንዲያዝ ተደርጓል። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና በረዥም ሕመም የተያዙ ሰዎች በዚህ ክፍል ይመደባሉ። በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው አራተኛው ምዕራፍ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ 12 ወር ሙሉ እንዲከፈል ሲያደርግ፣ ሠርተው የሚያገኙት ለ6 ወር የሚከፈላቸው ሆኑ።

እንግዲህ ባልና ሚስቱ በየትኛው ይመደባሉ? ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ የታሰበው ለሥራ የደረሰ ጤነኛ ሰው ለሌለበትና ሌላ ረዳት ለሌለው ቤት ነው። ሚስት በእግሯ የምትሄድ በመሆኗ ቤቱ ወደ ሥራው ክፍል ሊጣል ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚደረገው ስሌት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ስለሚታሰብ ለአምስት ነፍስ 25 ቀን ይሆናል። ባል ከአልጋ አልተነሳም፣ ልጆች አልደረሱም፤ ስለዚህ 25ቱን ቀን ሚስት ብቻዋን ልትወጣው ነው ማለት ነው። የአራተኛው ምዕራፍ መመሪያ ይህን አስቀድሞ በማሰብ አንድ ሰው በወር ከ15 ቀን በላይ እንዳይሠራ ወሰን አበጅቷል። የቀረው 10 ቀን ለቤተሰቡ ያለ ሥራ የሚታሰብ ነው እንጂ ከክፍያው የሚቀነስ አይደለም። ሴቶችም የቤት ኃላፊነታቸው ታይቶ ዘግይተው እንዲገቡና ቀድመው እንዲወጡ ተፈቅዷል። የሥራ ቀኑን የሚመዘግበው ሰው ይህን ካላወቀ ሴትዮዋ የባሏንም የልጆቿንም ቀን ተሸክማ ትሠራለች፤ አለዚያም ያልሠራችው ከእህሏ ወይም ከብሯ ይቆረጣል።

አስታማሚነቷ ራሱ የጉልበት ማነስ ተደርጎ ሊታይ አይገባም ወይ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ይከተላል። ባል ራሱን ችሎ ሽንት ቤት መሄድ የማይችል ከሆነ፣ የቅርብ ዘመድም ከሌለ፣ ሚስት 15 ቀን እርከን ላይ ስትውል ሕሙሙን የሚጠብቀው የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ያ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀረ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቤት «ጉልበት አለው» ብሎ መመዝገብ ለወረቀቱ ይመች እንደሆነ እንጂ ከእውነቱ ጋር አይገጥምም። ጉዳዩ ቤት ለቤት ታይቶ ተመዝኖ በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ላይ ቢሰፍር፣ ወረዳው ሲጠይቅ ማስረጃ ይሆናል።

ሌላው ተደጋግሞ የሚሰማ መከራከሪያ «መሬት አለው» የሚለው ነው። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም ስለሚሰፍር መሬት መኖሩን ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ መሬት ብቻውን አያበላም። የፕሮግራሙ መለኪያ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነው። ለአምስት ሰው በወር 75 ኪሎ፣ በዓመት 9 ኩንታል ይመጣል። ቤቱ በደህናው ጊዜ 8 ኩንታል ያገኝ ነበር እንበል። ይህ ወደ 10 ወር ተኩል የሚያደርስ ነው፤ የጎደለውን ሽመናውና ጠላው ይሞሉት ነበር። መሬቱ ለእኩል ከተሰጠ ወዲህ የሚደርሳቸው 4 ኩንታል ነው። ዘር ሳይቀነስ እንኳ ከ5 ወር ብዙም አያልፍም። መሬቱ ያው፣ ድንበሩ ያው፣ የዘነበውም ዝናብ ያው ሆኖ ሳለ ቤቱ ራሱን ከሚችል ወደ ሰባት ወር ረሃብተኛነት ተሸጋግሯል።

በምልመላው መመሪያ አንድ ቤት ባለፉት 3 ዓመታት በየዓመቱ 3 ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት የነበረበት መሆኑ ይታያል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፈው ዓመት የታመመ ሰው ሦስት ዓመት ተርቦ እስኪያስመሰክር መጠበቅ ሊኖርበት ነበር። ነገር ግን በድንገት ንብረቱን አጥቶ ራሱን መቻል ያቃተው ቤትም ሊታቀፍ እንደሚችል ከዚያው ጋር ተጽፏል። ለሕክምና የተሸጠ ጥማድ በሬ ንብረት ማጣት ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ጎርፍ የወሰደውንና በሽታ የወሰደውን በሬ የሚለያያቸው ነገር የለም። ኮሚቴዎች አንደኛውን መስፈርት በቃላቸው ሲይዙ ሁለተኛውን ይዘነጋሉ፤ ምናልባት ሁለተኛው ሰውን በቅርብ ማወቅ ስለሚጠይቅ ይሆናል።

የሕክምናው ወጪ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከደቡብ ጎንደር ፎገራ አንዷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። መድኑ የሚገባው በቤተሰብ እንጂ በግለሰብ አይደለም፤ የታመመውን ብቻ አስመዝግቦ ጤነኛውን ማስቀረት አይቻልም። ሁሉም ሲታመም ብቻ ቢገባ ቋቱ ባዶ ይሆናልና ነው። መዋጮው በአብዛኛው የሚሰበሰበው ከመኸር በኋላ፣ ገበሬው እህል ገበያ በሚያወጣበት ወራት ነው። ሕመም ግን መኸር አይጠብቅም። በደህናው ዓመት «አልታመምንምና በከንቱ ከፈልን» ብሎ እድሳቱን የተወ ቤት ሰኔ ላይ ሲታመም በሬ ይሸጣል።

መክፈል የማይችሉ ድሆች በቀበሌ ተመልምለው መዋጯቸው በክልሉና በወረዳው በጀት እንዲሸፈን የተደረገ ስለሆነ፣ ይህም መዝገብ በሴፍቲኔቱ መዝገብ አጠገብ ተይዞ ቢመረመር ይጠቅማል። በአንደኛው «ጉልበት የሌለው ድሃ» የተባለ ቤት በሌላው «መክፈል የሚችል» ሆኖ ቢገኝ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል። የመድኑ አባል ሕክምናውን ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ማለፍ እንዳለበትም ሊነገረው ይገባል። በቀጥታ ደብረ ታቦር የሄደ ታማሚ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ መድኃኒት ደግሞ መድን ኖረም አልኖረም በነፃ ነው። ቢሆንም መድኑ የሕክምና ዋጋ እንጂ የመሳፈሪያ፣ የስንቅና የቀረ የሥራ ቀን ዋጋ አይከፍልም። በጤና ጣቢያው መድኃኒት በጠፋ ጊዜም ገበሬው ወደ ግል መድኃኒት ቤት መሄዱ አልቀረም።

ያለፉት ዓመታት ጦርነትም በዚህ ላይ ተጨምሯል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ የከተማዋ ሆስፒታል ጉዳትና ዘረፋ ደርሶበታል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው ግጭትም መንገድን ደጋግሞ ዘግቷል። ለጉንፋን የታመመ ሰው መንገድ እስኪከፈት ሊታገስ ይችል ይሆናል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን አይችልም። ስለዚህ በየቀበሌው መድኃኒት ሳያቋርጡ የሚወስዱ ሰዎች ስንት እንደሆኑ አስቀድሞ ታውቆ፣ መንገድ ሳይዘጋ የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት እንዲያገኙ ከጤና ጣቢያው ጋር መነጋገር ከመሪዎች አቅም በላይ የሆነ ሥራ አይደለም።

በምልመላው ቀን ስለሚፈጠረው ነገር ጥቂት መጨመር ይገባል። የተጠቃሚዎች ዝርዝር በሕዝብ ፊት ተነቦ እንዲለጠፍ የተደረገው አድልዎ እንዳይኖር ነው። ይሁን እንጂ ጠበል የገባ ወይም ሆስፒታል የተኛ ሰው በስብሰባው ላይ አይገኝም፤ ሚስቱም አጠገቡ ነች። ስማቸው ሲጠራ መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ «አገር ለቀዋል» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። የበሽታውን ስም በሸንጎ ማስነገርም ነውር ነው። ብዙ ሰው ድጋፉን ትቶ የሚቀረው በሽታው እንዳይታወቅበት ነው። ለኮሚቴው የሚያስፈልገው ሰውዬው መሥራት የሚችል መሆን አለመሆኑና ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ከጤና ጣቢያ በሚመጣ አጭር ወረቀት ማወቅ ይቻላል።

ያልተስማማው ሰው አቤት የሚልበት የቀበሌ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ኮሚቴው መልማዮቹ ራሳቸው የተቀመጡበት እንዳይሆን የተደረገው በምክንያት ነው፤ የፈረደ ሰው ይግባኙን ራሱ ሊሰማ አይገባውምና። አቤቱታው በታማሚው ስም በሚስቱ ወይም በወኪል ሊቀርብ ይገባል። ክፍያውንም ቢሆን መራመድ የማይችለው ባል በሰው ጀርባ ታዝሎ ካልመጣ አይሰጥም ማለት ተገቢ አይደለም። ካርዱ የባልና የሚስት ነው፤ ሚስት ልትቀበል ትችላለች፤ ሁለቱም ካልቻሉ የታመነ ወኪል ይቀበላል።

መሬቱን ለእኩል በሚሰጡበትም ጊዜ ቢሆን የመሪዎች ዐይን ያስፈልጋል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252 ባለይዞታ መሬቱን እንዲያከራይ ይፈቅዳል። የታመመ ሰው የሚዋዋለው ግን ተቸግሮ ነው። የመድኃኒት ገንዘብ በቸገረው ቀን በትንሽ ብር ለብዙ ዓመት ፈርሞ፣ ሲያገግም መሬቱን ሌላ ሰው ይዞበት የሚያገኝ አይጠፋም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ፣ የሚስት ፈቃድ ተካትቶበት፣ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ቢመዘገብና ዘመኑ ቢያጥር ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል አባል ተደርጋ የተመደበችው ይህን ሁሉ ታውቃለች ተብሎ ነው። የትኛው ቤት መድኃኒት እንዳቋረጠ፣ የትኛዋ ሚስት ሌሊት እንደማትተኛ በየቤቱ ስትዞር አይታለች። ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት እሷ የምትናገርበት ሰዓት በአጀንዳው ላይ ሊያዝላት ይገባል። በስብሰባው ቀን ክትባት ላይ ከሆነችም ስብሰባው ወደ ማግስቱ ቢተላለፍ የሚጎዳ ሰው የለም።